የመድረክና የሰርግ ዜማ በአዲስ ቅንብር

በጉባኤ ፊት ይዜም የነበረ ዘፈን ከጉባኤው ተለይቶ በባንድ ሲቀረጽ ምን ያተርፋል? ምንስ ያጐድላል? ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም በሐረር በጀጎል ግንብ ውስጥ ሰርግ ለሚደግስ ሰው የቤቱ ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ እናንሣ። «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» የተባለው የሙዚቃ ቲያትር በኒውዮርክ ብሮድዌይ መድረክ ላይ የወጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ነበር። ከዘፈኖቹ አንዱን፥ «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» የሚባለውን፥ ዦን ኮልትሬን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የጃዝ ሙዚቀኛ በሚቀጥለው ዓመት በሳክስፎን ተጫወተው። ቃሉን ፈጽሞ ትቶ፥ አጭሩን ዜማ ወደ 14 ደቂቃ ገደማ አራዘመው። ዜማው ከቲያትሩ ተለይቶ የራሱን ኑሮ መኖር ጀመረ።

የሐረሪ የሰርግ ዘፈን ግን እንዲህ በቀላሉ ከቦታው አይነሣም። ከረቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፤ ከበል የሚባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ይከተላል፤ አንዷ ታወጣለች፥ የቀሩት ይቀበላሉ። አውጪዋ ስንኝ ብትጨምር የሚከለክላት ሰዓት የለም። የዘፈኑ ግማሽ ያለው በተቀባዮቹ አፍ ነው። በስቱዲዮ ውስጥ አንድ ድምፃዊ ብቻውን ከኦርጋን ጋር ሲዘፍነው ዜማው ሳይጓደል ይቀር ይሆናል፤ ተቀባዩ ግን አድማጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ልጆችም መቀበልን ከማን ይማራሉ?

ይህን ስንል አዲስ መሣሪያን ለመንቀፍ አይደለም (ኦርጋኑ ምን አደረገ!)። በድሬዳዋ ተወልዶ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራ በወጣትነቱ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ሠርቶ፥ በኋላም በኦሮምኛ፥ በሐረሪና በሌሎችም ቋንቋዎች ዑድንም ዘመናዊ ባንድንም ይዞ ዘፍኗል። የምሥራቁ አገር ዜማ ከዘመናዊ ባንድ ጋር እንደሚስማማ ከእርሱ ሥራ የበለጠ ምስክር አያሻም።

እንግዲህ አዲስ ቅንብር በሰሙ ጊዜ ተቀባዮቹ የት እንዳሉ ያድምጡ።

ደራሲው ለታወቀ ዘፈን ሕግ አለለት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ሥራውን መልሶ የማቀናበርን ፈቃድ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ደራሲው የማይታወቀው የሰርግ ዘፈን ግን ፈቃድ የሚጠየቅለት ሰው የለውም። አቀናባሪው ወደ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት ዘፈኑን ከሚያውቁት እናቶች ዘንድ ቢቀመጥና አቀባበሉን ቢሰማ፥ ቢቻልም እነርሱኑ ይዞ ቢቀርጽ፥ ወጪው ብዙ አይደለም።