የሞተ ፕሮግራም ቁጥር

በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ማንም ሳያያቸው ሌሊትና ቀን የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። «ዴመን» ይሏቸዋል፤ ስማቸው ያስደነግጣል እንጂ አገልጋዮች ናቸው። ሲስተሙ ለተነሣው ፕሮግራም ሁሉ ቁጥር ይሰጣል፤ አገልጋዩም ቁጥሩን በአንዲት ትንሽ ፋይል ጽፎ ያኖራል። ይህችም ፒ.አይ.ዲ. ፋይል ትባላለች። አገልጋዩን ለማቆም የታዘዘ መሣሪያ ቁጥሩን ከዚያ አንብቦ «አቁም» የሚል ምልክት ይልክለታል።

አገልጋዩ በሰላም ሲቆም ፋይሉን ራሱ ይሰርዛል፤ በድንገት ሲሞት ግን ሰራዥ ስለሌለ ፋይሉ ይቀራል። ቁጥሮቹም የተወሰኑ ናቸው። በሊኑክስ የቆየው ልማድ ከ32768 በታች ነው፤ እዚያ ሲደርስ ቆጠራው ተመልሶ የተለቀቀውን ቁጥር ለሌላ ይሰጣል።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች በዚህ መግባታችን የሚያስገርማችሁ የሳይንስ ወንድሞችና እህቶች፥ ነገሩ የመዝገብ አያያዝ ጉዳይ ነው እንላለን። አምና የተመረቀው ተማሪ የአልጋ ቁጥር ከመዝገብ ሳይሰረዝ ቢቀር፥ «የአልጋ 14ን ዕቃ አውጡ» የተባለ ዘበኛ የሚያስወጣው የዘንድሮውን ልጅ ነው። በኮምፒዩተሩም የሚገደለው ምናልባት የባንክ ሒሳብ በመጻፍ ላይ ያለ ፕሮግራም ይሆናል።

ብዙ ሰው ፋይሉን በእጁ ሰርዞ ያልፋል፤ ይህ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። ሌሎች ደግሞ «ቁጥሩ በሕይወት አለን?» ብለው በ0 ምልክት ይጠይቃሉ። መልሱ አንድ ሰው አልጋው ላይ መኖሩን ይነግራል፤ ማን እንደሆነ ግን አይነግርም።

የተሻለው ዘዴ መቆለፍ ነው። አገልጋዩ ሲነሣ ፋይሉን ከፍቶ ይቆልፈዋል፥ እስኪሞትም አይለቅም። በምንም ዓይነት ሞት ቢሞት ከርነሉ ራሱ ቁልፉን ይፈታዋል (ልጆቹ ቁልፉን እንዳይወርሱ መጠንቀቅ ያሻል)። መሣሪያውም ምልክት ከመላኩ በፊት ለመቆለፍ ይሞክራል፤ ከተሳካለት ባለቤቱ ሞቷል፥ ቁጥሩም አይታመንም ማለት ነው። የፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ. ሰዎች ይህንኑ በቤተ መጻሕፍታቸው አዘጋጅተው አስቀምጠዋል።

ቢሆንም በማጣራቱና ምልክቱን በመላኩ መካከል ቅጽበት ይቀራል። ሊኑክስ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቁጥሩን ሳይሆን ፕሮሰሱን ራሱን የሚያስይዝ መያዣ ጨመረ። ከዚያ በፊትም ቢሆን አንድ የቆየ ሕግ ነበር፤ የሞተ ፕሮሰስ ወላጁ መርዶውን እስኪቀበል ድረስ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ስለዚህ አገልጋዩን ያስነሣው ወላጅ ራሱ ቢጠብቀው ፋይሉም ባላስፈለገ ነበር፤ ሲስተምዲን የመሳሰሉት ዛሬ በአብዛኛው የሚሠሩት እንዲህ ነው።