በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ሥልጠና የፔዳል ዙርን ስለ ማስተካከል

በማይንቀሳቀስ ብስክሌት የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የሚጀምር ሰው አዘውትሮ የሚጠይቀው ጭነቱን ምን ያህል ማክበድ እንዳለበት ነው። ፔዳሉን በደቂቃ ስንት ጊዜ ማዞር እንደሚገባው ግን ብዙም አይጠይቅም። የጉልበት መገጣጠሚያን ከአላስፈላጊ ጫና የሚጠብቀው የሁለቱ መመጣጠን ነው።

የፔዳል ዙር የሚባለው አንድ እግር በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያጠናቅቀው ሙሉ ዙር ቁጥር ነው። መሣሪያው ይህን የሚያሳይ ሰሌዳ ከሌለው፣ ቀኝ ጉልበት ወደ ላይ የሚወጣበትን ጊዜ ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ይቻላል፤ 20 ከተቆጠረ ፍጥነቱ በደቂቃ 80 ዙር ነው።

አንድ ሰው በ100 ዋት ኃይል ይሠራል እንበል። በደቂቃ 60 ዙር ሲያዞር በእያንዳንዱ ዙር ከእግሮቹ 100 ጁል ሥራ ይጠበቃል፤ በ90 ዙር ግን 67 ጁል ገደማ ይበቃል። በደቂቃው ውስጥ የተሠራው ሥራ ያው ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ እርግጫ የሚጠይቀው ኃይል በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። ይህ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። እግሮችን በፍጥነት ማመላለስ ራሱ ኦክስጅን ስለሚፈጅ፣ ከእግር የወረደው ሸክም በከፊል ወደ ልብና ሳንባ ይዛወራል። በመሆኑም ጉልበቱ የሚሰማው ሰው ጭነቱን አቅልሎ ዙሩን ጥቂት ቢያፋጥን፣ ትንፋሽ ቶሎ የሚያጥረው ደግሞ ጭነቱን ሳያከብድ ዙሩን ቢያዘገይ ይመረጣል።

ለጀማሪ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ዙር ምቹ መነሻ ነው። የሠለጠኑ ብስክሌተኞች ከዚህ በላይ ሲያዞሩ የሚታዩት በረጅም ጊዜ ልምምድ በመሆኑ እነርሱን ለመምሰል መቸኮል አያስፈልግም። ሰውነትን ለ10 ደቂቃ ያህል ካሟሟቁ በኋላ 5 ዙር ጨምሮ ለሁለት ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያም ወደ መነሻው መመለስ በቂ ነው። ዳሌ በመቀመጫው ላይ መንጠር ከጀመረ ዙሩ በዝቷል ወይም ጭነቱ ከሚገባው በላይ ቀሏል።

የልብ ምት መለኪያ ሁልጊዜ አስተማማኝ መሪ አይደለም። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሕመም የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች የልብ ምትን ዝቅ አድርገው ስለሚይዙ፣ ሰውነት እየደከመ ቁጥሩ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው በንግግሩ ራሱን ቢመዝን ይሻላል፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃተው ዙሩን ይቀንስ። ከቆላ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰውም እንዲሁ፣ የከተማው አብዛኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከለመደው ዙር ዝቅ ብሎ መጀመር ይኖርበታል።

በቡድን ሥልጠና የሚያገለግሉ ብዙ ብስክሌቶች ከባድ መዘውራቸው ከፔዳሉ ጋር ተያይዞ ስለሚዞር፣ ሰው መርገጡን ቢያቆምም ፔዳሉ እግሩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዙሩን ቀስ በቀስ ማብረድ፣ አስቸኳይ ሲሆን ደግሞ ፍሬኑን መያዝ እንጂ እግርን በድንገት ማውጣት አይገባም። የደረት ሕመም ወይም የራስ ማዞር የተሰማው ሰው እንቅስቃሴውን አቁሞ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።