ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቤት ሽያጭ

በሥራ ተዛውሮ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ የሚመጣ ሰው ቤት ለመግዛት ተስማምቶ፥ ስሙ እስኪዛወር ድረስ በዚያው ቤት በኪራይ የሚገባበት ጊዜ አለ። ይህም ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ገዥው ከነቤተ ሰቡ መጠለያ ያገኛል፤ የሻጩም ቤት ባዶውን አይቀመጥም።

ዳሩ ግን ኪራዩና የሽያጩ ገንዘብ ካልተለየ በፍቅር የተጀመረው ነገር በክርክር ይፈጸማል። ሻጩ በመካከሉ ቢሞት፥ ወራሾቹ «አባታችን አከራየህ እንጂ አልሸጠልህም» ሲሉት፥ ገዥው የሚመልስበት ጽሑፍ ያጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723፥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። በቁጥር 1885ም፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንዲያጣ፥ ተቀባዩም ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ደንግጓል። ኪራይ ግን ቀብድ አይደለም፤ ከዋጋው እንዲታሰብ በውል ካልተነገረ በቀር የኖሩበት ዋጋ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በከተማም በገጠርም ለሽምግልናና ለምስክርነት የሚጠሩ ሹማምንትና ካህናት «ተስማምታችኋልን?» ብለው ብቻ መነሣት አይገባቸውም። ኪራዩና ሽያጩ በሁለት ውል እንዲጻፍ፥ ስሙ የሚዛወርበት ቀን እንዲወሰን፥ ሽያጩም ቢቀር ቤቱ የሚለቀቅበት ጊዜ እንዲታወቅ ቢያሳስቡ፥ የተጣላውን ከማስታረቅ ይልቅ ጠቡን ከሥሩ መከልከል ይሆንላቸዋል።