የትምህርት ቤት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት፦ ፕሮግራሙ በነፃ፣ ሥራው በገንዘብ

አንድ የግል ትምህርት ቤት ባለቤት «ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት እናቋቁምልዎ» የሚል የዋጋ ማቅረቢያ ሲደርሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው አንድ ጠቅላላ ድምር ነው። በዚያ ድምር ውስጥ ግን አራት ነገሮች ተጠቅልለዋል። እነሱም የመጻሕፍት መመዝገቢያ ፕሮግራም፣ ተማሪውና መምህሩ የሚያነቡት ይዘት፣ ኮምፒዩተርና ተጓዳኝ ዕቃ፣ እንዲሁም የሰው ጉልበት ናቸው። ከአራቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ያውም ከጥሩው ዓይነት፣ በነፃ ይገኛሉ። ይህን ያልለየ ገዢ በነፃ ለሚገኘው ከፍሎ ለዋናው ሥራ ገንዘብ ያጥረዋል። ይህን ያልለየ ነጋዴ ደግሞ ነገ ማንም በነፃ የሚያወርደውን ሸቀጥ ይዞ ገበያ ይወጣል።

ስሙ «ስጦታ» የሆነ ፕሮግራም

ለፕሮግራሙ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኮሃ ነው። በኒው ዚላንድ የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀምበት የነበረው አሮጌ የኮምፒዩተር ሥርዓት የ2000ን ዘመን መለወጫ አይሻገርም ተብሎ በመሰጋቱ፣ ካቲፖ ኮሙኒኬሽንስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ ሠራለት። ፕሮግራሙ በጥር 2000 ሥራ ጀመረ። ባለቤቶቹም ሽያጭ ላይ ከማዋል ይልቅ ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ለቀቁት። «ኮሃ» በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው።

ፕሮግራሙ መጽሐፍ ይመዘግባል፣ ውሰትና መልስ ይቆጣጠራል፣ ቀኑ ያለፈበትን ተበዳሪ ያሳውቃል፣ አንባቢውም በርዕስና በደራሲ እንዲፈልግ ያስችላል። የፈቃድ ክፍያ የለበትም። ይሁንና በዙሪያው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ኩባንያዎች ይኖራሉ። የሚሸጡት ፕሮግራሙን ሳይሆን ተከላውን፣ የቆየውን መዝገብ ማዛወሩን፣ ሥልጠናውንና ጥገናውን ነው። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ «ኮሃ» የሚለውን ስም በኒው ዚላንድ የንግድ ምልክቱ አድርጎ ለማስመዝገብ ያቀረበው ማመልከቻም በዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቃውሞ ቀርቦበት እ.ኤ.አ. በ2013 ውድቅ ሆኗል።

ነጋዴው እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነጥብ አለ። ኮሃን ተክሎ ገንዘብ መቀበል በፈቃዱ አልተከለከለም። ገዢው ግን የፕሮግራሙን ሙሉ ኮድ የማግኘትና ወደ ሌላ ባለሙያ የመሄድ መብት አለው። ስለዚህ በዋጋ ማቅረቢያ ላይ «የኮሃ ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ» የሚል መስመር ከታየ ገዢው ማብራሪያ ሊጠይቅበት ይገባል።

ኢንተርኔት የማይፈልግ ይዘት

ለአገር ውስጥ ገበያ ከሁሉ የሚቀርበው በአንድ ሃርድ ዲስክ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ይዘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን በአንድ ፋይል ጨምቆ ያቀርባል። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ ከወረደ በኋላ ለመቶ ትምህርት ቤት ሊገለበጥ ይችላል። ኮሊብሪ የተባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም ደግሞ የካን አካዳሚን የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶች በተመሳሳይ መንገድ ያቀርባል። መምህሩም ለክፍሉ ትምህርት መርጦ ይመድብበታል፣ የተማሪውን ውጤት ይከታተልበታል። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የደራሲ መብታቸው በአሜሪካ ያበቃ ከ70 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍትን አዘጋጅቷል። ይህን ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር በዋይፋይ ለአንድ ክፍል ማዳረስ ይቻላል።

ነፃ ማለት ግን ልቅ ማለት አይደለም። የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ምንጩ ከተጠቀሰና በዚያው ፈቃድ ከተላለፈ ለንግድም ሊውል ይችላል። አብዛኞቹ የካን አካዳሚ ትምህርቶች ግን ለንግድ ማዋልን በሚከለክል ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ትምህርቱን ገልብጦ በፍላሽ ለመሸጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ፈቃዱን ቢያነብ ይበጀዋል። የአገር ውስጥ መጻሕፍትን በስካነር አንስቶ ማሠራጨትም እንዲሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል።

በዶላር የሚከፈል ምዝገባ

በሌላ ወገን በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልባቸው የመረጃ ቋቶችና የትምህርት ፕሮግራሞች አሉ። ጥቅም የላቸውም ማለት አይቻልም። ዋጋቸው ግን ከምንዛሪ ጋር ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ስሌት የ1,000 ዶላር ምዝገባ ከ57 ሺህ ብር ወደ 100 ሺህ ብር ዘለለ ማለት ነው፤ የተማሪ ክፍያ ግን በዚያው ፍጥነት አይጨምርም። ምዝገባው ሲቋረጥ በእጅ የሚቀር ነገርም ብዙውን ጊዜ የለም። ተመጣጣኝ ነፃ ይዘት እያለ እንዲህ ያለ ውል መግባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

ገንዘቡ ያለው መዝገቡ ላይ ነው

ታዲያ ገበያው የት ላይ ነው ቢባል፣ አንዱና ዋናው የአማርኛ መጻሕፍት ምዝገባ ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሆነ ከጀርባው ያለውን መለያ ቁጥር አስገብቶ የተዘጋጀ መዝገብ ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ መሳብ ይቻላል። ብዙዎቹ የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት ግን ይህ ቁጥር የላቸውም። በውጭ ቤተ መጻሕፍት ከተመዘገቡም ብዙውን ጊዜ በላቲን ፊደል ተገልብጠው ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ በእጅ መግባት አለባቸው።

ሥራው ቀላል እንዳልሆነ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መውሰድ ይበቃል። የደራሲው ስም «ሀዲስ»፣ «ሐዲስ» ወይም «ሃዲስ»፣ የአባታቸውም «ዓለማየሁ» ወይም «አለማየሁ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መዝጋቢው አንድ አጻጻፍ መርጦ ሌሎቹን ካላገናኘ ተማሪው ፈልጎ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በውጭ የተሠሩ ፕሮግራሞች የቤተሰብ ስም ስለሚጠብቁም ያልሠለጠነ መዝጋቢ ደራሲውን በአባታቸው ስም ሊያስገባቸው ይችላል። የኅትመቱ ዘመን 1958 ዓ.ም. ደግሞ ሳይስተካከል ከገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመው መጽሐፍ የስምንት ዓመት ስሕተት ይዞ ይቀራል።

ሌላም አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ የመጻሕፍት ዝርዝር በአዲሱ ሥርዓት ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ያንን መገልበጥም ራሱን የቻለ የሚከፈልበት ሙያ ነው። ይህን ሥራ የውጭ ኩባንያ ከሩቅ ሆኖ በቀላሉ አይሠራውም፤ ዶላርም አይጠይቅም። በመጽሐፍ ቁጥር ዋጋ ተቆርጦለት ሊሠራ የሚችል፣ የቤተ መጻሕፍት ሙያ የተማሩ ወጣቶችንም ሥራ የሚያስይዝ መስክ ነው።

ዕቃው ብቻውን ካልሆነ

ለአስመጪዎች ዕቃው አሁንም ገበያ አለው። ትንንሽ ኮምፒዩተሮች፣ ዋይፋይ ማሠራጫ፣ ባርኮድ አንባቢ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪና የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይፈለጋሉ። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠራጨው የፕላዝማ ትምህርት ያስተማረው ነገር አለ። መብራት ሲቋረጥ ትምህርቱም ይቋረጥ ነበር፤ በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት መምህሩን አይጠብቅም ነበር፤ የተበላሸም ማሳያ ጠጋኝ አጥቶ የተቀመጠበት ቦታ ጥቂት አልነበረም። ጥገናና ሥልጠና ያልተያያዘበት ዕቃ የሻጩንም ስም አብሮ ይጥላል።

በመሆኑም ገዢው ከመፈረሙ በፊት ጥቂት ነገሮችን በጽሑፍ ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ ዋጋው በአራቱ ዘርፎች ተከፍሎ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ መዝገቡ የትምህርት ቤቱ ንብረት መሆኑና ውሉ ሲያበቃ ሙሉ ቅጂው እንደሚሰጥ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋና መምህራኑ ለስንት ቀን እንደሚሠለጥኑ፣ ብልሽት ሲደርስ በስንት ቀን እንደሚጠገን ይወሰን። አራተኛ፣ ክፍያው ዕቃው ሲራገፍ ብቻ ሳይሆን የተመዘገበው መጽሐፍ ተፈልጎ ሲገኝ የሚጠናቀቅ ይሁን።

ለሻጩም ይኸው አያስከፋውም። ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ ይሸጣል። አዲስ መጽሐፍ ግን በየዓመቱ ይገባል፣ ሠራተኛ ይለወጣል፣ መዝገብ መታረምና መጠበቅ ይፈልጋል። ደንበኝነቱ የሚቀጥለው በዚህ በኩል ነው።