ዳግም የማይቀልጠው ፕላስቲክና የሞልዱ ሒሳብ

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ደግሞ ቢሞቅ እንደገና ይቀልጣል፤ የውኃ ጠርሙስና ጀሪካን ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላኛው፣ ቴርሞሴት የሚባለው፣ በኬሚካዊ ውህደት አንዴ ከጠነከረ በኋላ እሳት ያከስለዋል እንጂ አያቀልጠውም፤ የተጋገረ እንጀራ ወደ ሊጥ አይመለስም። በአውሮፓና በአሜሪካ ለዓመታት ሲያነጋግር የኖረው ይህ ሁለተኛው ወገን ነው። ቀልጦ ዳግም ሥራ ላይ የማይውል ነገር በፋብሪካ መመረት አለበት ወይ? ጥያቄው ከሚነሳባቸው የማምረቻ ዘዴዎች አንዱ ሪአክሽን ኢንጀክሽን ሞልዲንግ፣ በአጭሩ አርአይኤም፣ ነው። በእኔ እምነት ይህን ዘዴ ለመዳኘት የጥሬ ዕቃውን ዓይነት ማየት አይበቃም፤ ከአንድ ሞልድ (ከቅርጽ ማውጫው) ስንት ዕቃ እንደሚወጣና ዕቃው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል መቆጠር አለበት። ይህ ሒሳብ ሲሠራ ዘዴው አንዳንድ ቦታ መሸነፉ ትክክል ሆኖ ይገኛል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ተተኪ የለውም።

ተራው የፕላስቲክ ማሽን ጥሬ ዕቃውን አቅልጦ ይገፋል። የቀለጠ ፕላስቲክ በጣም ወፍራም ስለሆነ ሞልዱን እንዲሞላ በመቶዎች የሚቆጠር ባር ግፊት ይጠይቃል። በአርአይኤም ግን የሚቀልጥ ነገር የለም። አይሶሳያኔትና ፖሊዮል የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች በየታንከራቸው ይቀመጣሉ፤ ሲገናኙ ተዋህደው ፖሊዩሬቴን ይሆናሉ። ፖሊዩሬቴን ለማንም እንግዳ አይደለም፤ የምንተኛበት ስፖንጅ ፍራሽ ከእሱው የተሠራ ነው። ኬሚስትሪውን በ1937 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን ውስጥ በሌቨርኩዘን ያገኙት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ናቸው። የኦቶ ስም ከኬሚካል አምራቹ ባየር ኩባንያ ጋር ቢገጥምም የመሥራቾቹ ዘመድ አልነበረም።

ብልሃቱ ያለው መቀላቀያው ላይ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች ከ100 እስከ 200 ባር በሚደርስ ግፊት በጠባብ ቀዳዳዎች ይወረወሩና፣ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ እየተምዘገዘጉ፣ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ይላተማሉ። የሚያማስል መሣሪያ የለም፤ የሚያዋህዳቸው ግጭቱ ራሱ ነው። የተፈለገው መጠን እንዳለፈ አንድ ፒስተን ወደፊት ተገፍቶ በክፍሉ የቀረውን ጥርግ አድርጎ ያስወጣል፤ ፈሳሾቹም በዚያው ቅጽበት በፒስተኑ ጎን በተቀረጹ ቦዮች ወደየታንከራቸው ይመለሳሉ። ማማሰያ የነበራቸው የቀድሞ ማሽኖች እንዳይደፈኑ በኬሚካል መታጠብ ነበረባቸው፤ ፒስተኑ ያንን ጣጣ አስቀረ። ድብልቁ ገና ቀጭን ፈሳሽ እያለ ሞልዱን ይሞላል፤ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ጥቂት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ጠንክሮ ይወጣል።

ፈሳሹ ቀጭን ስለሆነ ሞልዱ ውስጥ ያለው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ባር አያልፍም። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህች ቁጥር ናት። አንድ ባር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ ወደ 10 ቶን ገደማ ኃይል ይሆናል። እንግዲህ ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር የሆነ ክዳን ለመሥራት ታስቧል እንበል። በ5 ባር ሞልዱ እንዳይከፈት አጥብቆ ለመያዝ 50 ቶን ይበቃል፤ በ300 ባር ግን 3,000 ቶን ያስፈልጋል። ሦስት ሺህ ቶን የሚይዝ ማሽን ትልቅ ካፒታል ይጠይቃል፣ የሚችለውም ሞልድ ከጠንካራ ብረት ተፈልፍሎ የሚሠራ ውድ ዕቃ ነው። ለ50 ቶኑ ግን የአሉሚኒየም ሞልድ ይበቃዋል፤ ለጥቂት ናሙና ከሆነ ከሬዚን የተሠራም ያገለግላል። የሞልዱ ዋጋ በሚወጡት ዕቃዎች ላይ ስለሚከፋፈል፣ መቶ ሺህ ሲመረት ልዩነቱ ይረሳል፤ አምስት መቶ ብቻ ሲመረት ግን ሥራው ይሠራ አይሠራ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

የዘዴው ታሪክ ግን የጀመረው በትንሽ ቁጥር አልነበረም። ባየር ኩባንያ በ1967 በዱሰልዶርፍ የፕላስቲክ ትርኢት ላይ አካሉ ከፕላስቲክ የተሠራ መኪና አቅርቦ ነበር። ዋናውን በር የከፈተው ግን የአሜሪካ መንግሥት ነው። ከ1973 ሞዴል ጀምሮ የቤት መኪና በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ በፊት በኩል ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ መብራቱና ሌሎች የደህንነት ክፍሎቹ እንዳይጎዱ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ጎብጦ የሚመለስ ለስላሳ ፓራውልት ተፈለገ፣ ፖሊዩሬቴንም ለዚህ የተፈጠረ ያህል ሆነ። የ1973ቱ ኮርቬት የፊት ፓራውልት ዩሬቴን ለበሰ፤ በ1984 ደግሞ ፖንቲያክ ፊየሮ ፓራፋንጎዎቹንና የበሮቹን ውጫዊ ገጽ ሳይቀር በመስታወት ክር በተጠናከረ አርአይኤም ሠራ።

ከዚያ በኋላ ፓራውልቱ ተነጠቀ። ቲፒኦ የሚባል፣ የሚቀልጥና ርካሽ ፕላስቲክ ተሻሻለና ገበያውን ወሰደ። ሽንፈቱ ተገቢ ነበር። ፖሊዩሬቴን ሙጫም ጭምር ስለሆነ ሞልዱ ላይ እንዳይጣበቅ ማላቀቂያ መረጨት አለበት፤ ዕቃው ከመቀባቱ በፊት ደግሞ ያ ማላቀቂያ መታጠብ አለበት። ቀጭኑ ፈሳሽ በሞልዱ መጋጠሚያ ሾልኮ ስለሚወጣ ጠርዙ በእጅ ይከረከማል። የተበላሸ ቲፒኦ ተፈጭቶ ወደ ማሽኑ ሲመለስ የተበላሸ ፖሊዩሬቴን ይጣላል። በመቶ ሺዎች ለሚመረት ዕቃ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከሞልዱ ቁጠባ ይበልጣል።

ሆኖም ዘዴው አልሞተም። ዛሬ የትራክተርና የኮምባይነር አካል፣ የከባድ መኪና ኮፈን፣ የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ መሣሪያዎች ትልልቅ ሽፋን በዚሁ ይሠራል። የእርሻ ማሽን አምራቹ ጆን ዲር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለኮምባይነሮቹ አካል ከአኩሪ አተር ዘይት የተገኘ ፖሊዮል ተጠቅሟል። እዚህ ላይ አንድ ሰው የመኪና መስኮት ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ መሰል ጠርዝ በብዛት እየተመረተም በአርአይኤም ይሠራል ብሎ ቢሞግተኝ ልክ ነው። መልሱ ግን ከዚያችው የግፊት ቁጥር ይገኛል። ሞልዱ ውስጥ የተቀመጠ መስታወት ከፍተኛ ግፊት ይሰብረዋል፤ በጥቂት ባር ግን ሳይነካ ጠርዙ ይጠመጠምለታል።

ትልቁ ተቃውሞ የቆሻሻው ጉዳይ ነው፣ ቀላልም አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት ከ2015 ጀምሮ ዕድሜውን የጨረሰ መኪና ከክብደቱ ቢያንስ 85 በመቶው ዳግም ጥቅም ላይ መዋል ወይም ወደ ጥሬ ዕቃነት መመለስ አለበት፤ አምራቾችም ከቴርሞሴት የሚሸሹበት ምክንያት በቂ ነው። ፖሊዩሬቴንን በግላይኮል አሙቆ ወደ ፖሊዮል መመለስ ይቻላል፤ ችግሩ የተበታተነውን ዕቃ ሰብስቦ፣ ቀለሙንና የመስታወት ክሩን ለይቶ ማቅረቡ ላይ ነው። ቢሆንም ለዓመታት እርሻ ላይ የሚውል የትራክተር ኮፈንና በአንድ ቀን የሚጣል ኩባያ በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ሚዛኑ አይታመንም። ረጅም ዕድሜ ዕዳውን አይሰርዘውም፤ ግን በዓመት ሲካፈል ያሳንሰዋል።

ሌላው ስጋት ጤና ነው። አይሶሳያኔት ሲባል በ1984 በህንድ ቦፓል ሺዎችን የፈጀው ጋዝ ይታወሳል። ያ ሜቲል አይሶሳያኔት ነበር፤ በ39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚፈላ፣ በቀላሉ የሚተን ኬሚካል። በአርአይኤም በብዛት የሚሠራበት ኤምዲአይ የሚባለው አይሶሳያኔት ግን በክፍል ሙቀት የሚተነው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ብለን ብናቆም ግን ማታለል ይሆናል። ኤምዲአይም ቢሆን በተረጨበት ወይም በሞቀበት አየር ውስጥ ያለ ጥንቃቄ የሚሠራን ሰው ለአስም ይዳርጋል፤ ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በኋላ ጥቂቱም ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ከኦገስት 24 ቀን 2023 ጀምሮ እነዚህን ኬሚካሎች በሥራው የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ እንዲሠለጥን ማስገደዱ ትክክል ይመስለኛል። አደጋ ላይ ያለው ሠራተኛው ነው፤ ተዋህዶ ያለቀውን ዕቃ የሚነካው ሰው አይደለም።

አይሶሳያኔት የሌለበት መንገድም አለ። ዲሳይክሎፔንታዳይን የተባለው የፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት፣ ሾቫን፣ ግራብስና ሽሮክ በ2005 የኖቤል ሽልማት ባገኙበት የሜታቴሲስ ኬሚስትሪ ሞልድ ውስጥ ይጠነክራል፤ ለከባድ ማሽኖች ሽፋንም ይውላል። በ2020 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በዚህ ፕላስቲክ ሰንሰለት ውስጥ በኬሚካል ሊቆረጥ የሚችል ማያያዣ ጥቂት መጠን ጨምረው፣ ጥንካሬውን ሳያጣ በኋላ እንዲፈርስ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህ ወደ ገበያ ከወጣ ቀድሞ ሊጠቅም የሚችለው ከፓራውልት ይልቅ ለኮምባይነርና ለኤምአርአይ ሽፋን ነው፤ እነዚህ ጥቂት ናቸው፣ የት እንዳሉ ይታወቃል፣ ሲያረጁም የሚጠግናቸው ድርጅት በራፋቸው ድረስ ይመጣል።