ከፍርድ በፊት ስለሚቈጠረው የእስራት ቀን

በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ተሳስረው ወደ ዳኛ አብረው ይሄዱ ነበር። ዛሬ ግን ዋስ ያላገኘው ተከሳሽ ብቻውን ታስሮ ፍርዱን ይጠባበቃል፤ ቤተ ሰቡም በደጅ ሆኖ ቀን ይቈጥራል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ከሩቅ ገጠር እስከ ከሚሴ የሚያስኬደው የመንገድ ጊዜ ግን በዚህ አይገባም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ከፍርድ በፊት የታሰረበት ዘመን ከቅጣቱ እንዲታሰብለት ይፈቅዳል። ለምሳሌ 8 ወር ታስሮ የቈየ ሰው 2 ዓመት ቢፈረድበት፥ የሚቀረው 1 ዓመት ከ4 ወር ነው።

በቦርከና ዳር ለሚያርስ ቤተ ሰብ ከሰኔ እስከ ጥር ያለው 8 ወር፥ የዘሩም የአጨዳውም ወራት ነው። እንግዲህ እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች የተያዘበትን ቀን አሳስተን ብንጽፍ፥ የምናጐድለው ቍጥር ብቻ አይደለም፤ አባትን ከልጆቹ አንድ ሌሊት እንነጥቃለን።

ስለዚህ ቤተ ሰብ ሁሉ ዘመዱ የተያዘበትን ቀን ጽፎ ያኑር፤ ፍርዱም ሲነበብ ያ ቀን መታሰቡን በትሕትና ይጠይቅ። እኛም ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ቀኑን ደግመን እንመርምር።