«ሻፍት በአፍሪካ»ን ከአሊዩ አምባ ሆኖ ማየት

መነሻ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤተሰቦቼ ዘንድ አሊዩ አምባ ወርጄ ነበር። አንድ ማታ መብራት ስላልጠፋ ላፕቶፔን ጠረጴዛ ላይ ሰቀልኩና ቤት ላሉት ሁሉ አንድ ያረጀ የአሜሪካ ፊልም ከፈትኩላቸው። እናቴ፣ አጎቴ፣ ሁለት የጎረቤት ልጆችና አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አባት ተቀምጠዋል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» ነው። ይህን ፊልም የመረጥኩት በትምህርት ክፍላችን ውስጥ በተነሳ ክርክር ምክንያት ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ድሮ ለገንዘብ ብቻ የተሠራ ርካሽ ፊልም ዛሬ ምን ይረባል? ጊዜ ማባከን ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም ያኔ መልስ አጣሁ። በዚህ ጽሑፍ መልሱን ለመሞከር እፈልጋለሁ።

ለመሆኑ ኤክስፕሎይቴሽን ምንድን ነው?

ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ብዝበዛ» ይሆናል። የሚበዘበዘው ግን በዋናነት የተመልካቹ ጉጉት ነው። ፊልም ሠሪው ታዋቂ ተዋናይም ሆነ ብዙ ገንዘብ የለውም። ያለው ሰው አፍ ላይ ያለ ወሬ፣ የሚያስፈራ ወይም የሚያሳፍር ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ ትልቅ ፖስተር ይጨምርበትና ትኬት ይሸጣል።

ነገሩ በአሜሪካ የደራው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከ1934 ጀምሮ ትልልቆቹ የሆሊውድ ኩባንያዎች ስለ ወሲብ፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅና ስለመሳሰሉት ማሳየትን የሚከለክል ጥብቅ መመሪያ ተግባራዊ አደረጉ። ትልቁ በር ሲዘጋ ትንንሽ ነጋዴዎች በጓሮ ገቡ። «እኛ እኮ የምናስተምረው ነው» እያሉ የተከለከለውን ያሳዩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው «እማማና አባባ» የተሰኘው ፊልም ጥሩ ምሳሌ ነው። አሳታሚው ክሮገር ባብ ፊልሙን ከከተማ ከተማ እያዞረ ለወንድና ለሴት በተለያየ ሰዓት ያሳያል፤ መሀል ላይ «ኤሊዮት ፎርብስ» የሚባል የጤና ተናጋሪ መድረክ ላይ ይወጣና መጽሐፍ ይሸጣል። የሚገርመው፣ በአንድ ጊዜ በተለያዩ ከተሞች ብዙ «ኤሊዮት ፎርብሶች» ነበሩ! ስሙ የአንድ እውነተኛ ሰው ስም አልነበረም። እኛ አገር በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ለሁሉም በሽታ የሚሆን አንድ መድኃኒት የሚሸጠውን ሰው ያየ ይህን ንግድ ለመረዳት አይቸገርም።

አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ዛሬም ያስፈራል

እነዚህ ፊልሞች ዛሬ ሲታዩ ሁሉም እኩል አላረጁም። በ1936 የተሠራውን «ሪፈር ማድነስ» እንውሰድ። መጀመሪያ የወጣበት ስም «ለልጆቻችሁ ንገሩ» የሚል ነበር። አንድ ወጣት ማሪዋና አጨሰ ማለት በቀናት ውስጥ ያብዳል፣ ይገድላል፣ ይጠፋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህ ፊልም ከተቀበረበት ወጥቶ በአሜሪካ ኮሌጆች መታየት ሲጀምር ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። ለምን? ፊልሙ ተመልካቹን አላመነውም። ካስፈራራሁት በቂ ነው ብሎ ሰውየውን ከሰውነት አወጣው። ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ ጫት በትምህርት ቤት ክበብ ድራማ የሠራን ሰዎች እዚህ ላይ ትንሽ ብናፍር አይከፋም። የኛም «ሱሰኛ» ገጸ ባሕርይ ገና ከመጋረጃ ሲወጣ እየተንገዳገደ ነበር፤ ተማሪውም ይስቅ ነበር እንጂ አይማርም።

በሌላ በኩል «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የሚለውን የጆርጅ ሮሜሮ ፊልም (1968) ተመልከቱ። የወጣበት 114,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ለፊልም ምንም ማለት አይደለም። ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ቤት፣ ጥቂት ሰዎች። ከፊልሙ ርዕስ መቀየር ጋር ተያይዞ የባለቤትነት ማስታወቂያው ሳይጻፍ በመቅረቱ የአሜሪካ መብቱ ጠፍቶ ማንም እንደፈለገ ሲያሳየው ኖሯል። ፊልሙ ግን ዛሬም ይይዛል። ምክንያቱም አስፈሪው ውጪ ያለው ሙት ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ያሉት ሰዎች መስማማት አለመቻላቸው ነው። ጀግናው ጥቁሩ ዱዌን ጆንስ ሌሊቱን ሙሉ ተርፎ ጠዋት ላይ ሊያድኑ በመጡት ሰዎች ጥይት ይወድቃል። ድህነቱ ፊልሙን አልጎዳውም፤ እንዲያውም አጥብቦ አጠነከረው።

ከዚህ የምናገኘው አንድ መለኪያ አለ። ርካሽነት ብቻውን ፊልምን አያስረጅም፤ የሚያስረጀው ለሰው ያለው ንቀት ነው። ይህን ይዤ ወደ ሻፍት ልመለስ።

ሻፍት ኢትዮጵያ ሲመጣ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለጥቁር ተመልካች ታስበው የተሠሩ የወንጀልና የድብድብ ፊልሞች «ብላክስፕሎይቴሽን» ተባሉ። የመጀመሪያው «ሻፍት» (1971) በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ለኩባንያው ብዙ እጥፍ አስገባ። የአይዛክ ሄይስ ሙዚቃም ኦስካር አገኘ። ሦስተኛው ክፍል ግን ከኒውዮርክ ወጥቶ ወደ እኛ አገር መጣ። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ጆን ጊለርሚን፣ ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ራውንድትሪ ነው፤ ከፊሉ የተቀረፀው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። የመድረካችን ታላቅ ሰው ደበበ እሸቱም «ዋሳ» የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይጫወታል። ፊልሙ በወጪው ከቀደሙት ርካሽ ፊልሞች ከፍ ይላል፤ አስተሳሰቡ ግን የእነሱ ልጅ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ወጣት አፍሪካውያን በሥራ ስም እየተታለሉ ወደ አውሮፓ ይወሰዳሉ፤ እዚያም እንደ ባሪያ ይሠራሉ። ሻፍት የኢትዮጵያ ገጠር ሰው መስሎ በመንገዱ አብሯቸው ይሄዳል፤ እስከ ፓሪስ ድረስ ተከትሎ የነጋዴዎቹን አለቃ ያገኛል። ዱላ ይማራል፤ በዱላው ውስጥ ደግሞ ካሜራ ተደብቋል። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ጄት ሊንና ቫን ዳምን እያየን ላደግነው ነገሩ አዲስ አይደለም። «አክተሩ» አይሞትም፣ ክፉዎቹ ያልቃሉ።

ቤተሰብ ሲያየው እጄ ከኪቦርዱ አልተነሳም። የሚያሳፍሩ ትዕይንቶች ስላሉ እየዘለልኩ ነበር። ለብቻዬ ደግሜ ሳየው ግን ያፈርኩበት ሌላ ነገር ነው። የአሚሩ ልጅ አለሜ ልትገረዝ መሆኗን ለሻፍት ትነግረዋለች፤ ፊልሙ ይህን ለመኝታ ቤት ጨዋታ መግቢያ ያደርገዋል። በአካባቢያችን የስንት ሴት ልጅ ሕመም የሆነ ነገር፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ በግልጽ የተከለከለ ድርጊት፣ እዚያ የሻፍትን ወንድነት ማድመቂያ ነው። ይህ ክፍል አርጅቷል ማለት አይበቃም። ያኔም የተበላሸ ነበር።

ሌላም ያላየው ነገር አለ። ፊልሙ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ወሎ በረሃብ ያልቅ ነበር። የተራበው ገበሬ በደሴ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ይለምን ነበር፤ ሸዋ ሮቢት የምትገኘውም በዚያው መንገድ ላይ ነው። የፊልሙ ካሜራ ተራራችንን አየ፣ ሰዉን አላየም።

ጎረቤታችን ያሉት

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ፊልሙን ጣሉት እላለሁ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ልል ነበር። ወጣቶቹ በደላላ ተሰብስበው ሲጫኑ የሚያሳየው ቦታ ላይ ስንደርስ ግን አጎቴ «የአሜሪካ ውሸት!» ብለው ሳቁ። ጎረቤታችን አልሳቁም።

«ወላሂ ይኼ ውሸት አይደለም» አሉ። «ደላላው ብቻ ነው የተቀየረው።»

የሳቸው ልጅ አብሮ አደጌ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በአፋር በረሃ በእግሩ ወደ ጅቡቲ ሄደ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። አንድ ቀን ስልክ ተደወለ፤ የማያውቁት ሰው ገንዘብ ላኩ አላቸው፣ ከኋላ የልጁ ድምፅ ይሰማል። በሬ ሸጡ፣ ተበደሩ፣ ላኩ። ልጁ ሳዑዲ ደርሷል ተባለ። ስልክ የሚደውለው ግን አልፎ አልፎ ነው። ጎረቤታችን ፊልሙ ሳያልቅ ተነስተው ወጡ። ማንም ምንም አላለም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ትልቅ የሲራራ ንግድ ገበያ ነበረች። ጨው፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ጨርቅ ይለዋወጥባት ነበር፤ አጠገቧ ባለችው አብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነስቶ ወደ ሸዋ የወጣው በዚሁ መስመር ነው። የባሪያ ንግድና ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተከልክሏል። ነገር ግን ጓደኛዬ የሄደበት አቅጣጫ የድሮው ሲራራ አቅጣጫ ነው፤ በአፋር አድርጎ ወደዚያው ባሕር። ልዩነቱ የድሮው ሰው ታስሮ ሄደ፣ የኛው ከፍሎ ሄደ።

እንግዲህ ሳያስበው እውነት የተናገረ ፊልም ማለት ይህ ነው። ሠሪዎቹ የፈለጉት ሻፍት የሚደባደብበት አዲስ ቦታ ነበር። ለመሸጥ ሲሉ ግን ከጋዜጣ ላይ እውነተኛ ቁስል አነሱ። ቁስሉ ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

የኛው ሰው በሌላ መንገድ

ለማነፃፀር ኃይሌ ገሪማን ማንሳት ግድ ነው። እሱ በዚያው ዘመን ካሊፎርኒያ ፊልም ይማር ነበር፤ ብላክስፕሎይቴሽንን አጥብቀው ከተቃወሙት ተማሪዎች አንዱ ነው። በ1974 ለእረፍት አገር ቤት መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረፀ፤ ተዋናዮቹ ሙያተኞች አልነበሩም። ከሻፍት እጅግ ያነሰ ገንዘብ ነበረው። ካሜራው ግን ገበሬው ፊት ላይ ቆየ። ዛሬ ሲታይ ዝግ ያለ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሚያሳፍር ግን አንድም ቦታ የለውም።

ደስ የሚለው ነገር ሌላ ነው። ኃይሌ ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ»ን (1993) አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉት ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ራሱ አሳየ። ይህ ክሮገር ባብ የሄደበት መንገድ ነው! መሣሪያው አንድ፣ የተያዘበት እጅ ግን ሌላ።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ለጓደኛዬ መልሴ ይኸው። የድሮ ርካሽ ፊልም ዛሬ ሲታይ ሦስት ነገር እንጠይቀው። ሰውን አክብሯል ወይስ ንቋል? ሳያስበው ምን መዝግቧል? የነካው ቁስል ዛሬ ድኗል? «ሪፈር ማድነስ» በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። የሮሜሮ ፊልም ያልፋል። «ሻፍት በአፍሪካ» በመጀመሪያው ይወድቅና በሦስተኛው ላይ እኛን ይጥለናል፤ ምክንያቱም ቁስሉ አልዳነም።

ይህን ፊልም በትምህርት ክፍላችን ከ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጋር ጎን ለጎን እንድናየው ሐሳብ አቀርባለሁ። መምህራኖቻችንም ቢገኙ ደስ ይለናል። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ፦ ለመሳቅ የምትመጡ ካላችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ወንድሙን በዚያ መንገድ የሸኘ ሊሆን ይችላል። እኔ ክረምት ላይ ይህን ሳላስብ ነበር ላፕቶፑን የከፈትኩት።